ሦስተኛው ሲኒማ ምንድን ነው?

ፊልምን የነጻነት ትግል አካል አድርጎ የሚሠራና የሚያሳይ አካሄድ ነው። ስሙን ያወጡለት አርጀንቲናውያኑ ፈርናንዶ ሶላናስና ኦክታቪዮ ጌቲኖ ሲሆኑ፣ ማኒፌስቷቸው የታተመው በ1969 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በእነሱ አከፋፈል አንደኛው ሲኒማ ሆሊውድና ፈለጉን የተከተለ ንግድ ሁሉ ነው። ሁለተኛው የዳይሬክተሩን የግል ስልት የሚያስቀድመው የጥበብ ፊልም ነው፤ ይህኛው ደፈር ቢልም ከገበያው አጥር አይወጣም።

አካሄዱ የማርክስን የመደብ ትግል ሐሳብ ይከተላል፤ ይህም ከፊልሙ ታሪክ ይልቅ በአመራረቱ ላይ ይታያል፦ ገንዘቡ የማን ነው? ፊልሙ እነማን ዘንድ ይደርሳል? ተመልካቹስ ከዚያ በኋላ ምን ያደርጋል? ሁለቱ ሰዎች በ1968 ያጠናቀቁት «የእቶኖቹ ሰዓት» ለዚህ ዋናው ማሳያ ነው። በአርጀንቲናው ወታደራዊ አገዛዝ ዘመን በድብቅ ተቀረጸ፤ ሦስት ክፍል ያለው ሆኖ ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል። የሚታየው በሰው ቤትና በሠራተኛ ማኅበራት ውስጥ ነበር። መሃል ላይ እየቆመ ሰዉ እንዲከራከርበት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ያለ ክርክሩ ፊልሙ ግማሽ ነው። ለማየት መምጣቱ ራሱ ለእስር ሊዳርግ ይችል ስለነበር፣ የመጣው ሰው ከወዲሁ ወገኑን ለይቶ ነበር።

ሐሳቡን በጥናት ካስፋፉት አንዱ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤል ናቸው። በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ተሾመ፣ የጸረ ቅኝ አገዛዙን አሳቢ የፍራንዝ ፋኖንን ሐሳብ ይዘው የሦስተኛውን ዓለም ፊልም በሦስት ደረጃ ከፈሉት፦ ሆሊውድን መቅዳት፣ ወደ ራስ ባህልና ታሪክ መመለስ፣ ከዚያም መታገል። አንድን ፊልም ሦስተኛ ሲኒማ የሚያሰኘው የተሠራበት አገር ሳይሆን የያዘው ንቃተ ኅሊና ነው ይላሉ። ስለዚህ የሕንዷ ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) የንግድ ፊልም በደሃ አገር ቢሠራም አንደኛ ሲኒማ ነው።

ለብሔራዊ ማንነት አደገኛው ሁለተኛው ደረጃ ይመስለኛል። ጥንቱን እያወደሰ እዚያው የቀረ ፊልም፣ በዚያው ጥንት ውስጥ ማን አርሶ ማን እንደበላ ይሸፍናል። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ከዚህ ወጥመድ አምልጧል። በ1974 ንጉሣዊው ሥርዓት በሚናወጥበት ወቅት በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ሲሆን፣ የገጠሩን ሕይወት የምር ያከብራል፤ ግን ባለመሬቱ ተቀምጦ ሲያዝ ጢሰኛው ሲለፋ በረጅሙ ያሳየናል።

አካሄዱ በተደጋጋሚ የሚከሽፈው ተራኪው ጥያቄውንም መልሱንም ሲጨርሰው ነው። «የእቶኖቹ ሰዓት» ራሱ ከዚህ አላመለጠም፤ «ሕዝብ» የሚለውን ቃል ከአርጀንቲናው መሪ ከሁዋን ፔሮን ንቅናቄ ጋር አንድ ስላደረገው፣ በንቅናቄው ውስጥ የነበረው የመደብ ልዩነት ተድበስብሶ አልፏል።