አምፑን ከመርገማችሁ በፊት የጊታሩን ቁልፍ እዩ

ባለፈው ጥር ጅማ ውስጥ ሂርማታ አካባቢ አንድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። ጊታሪስቱ ልጅ ትዝታ ሊጀምር ሲል የጊታሩን ቮሊዩም ትንሽ ቀነሰ። ወዲያው ጊታሩ ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው መሰለ። ልጁ አምፑን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ማጉያ፣ ጠረጠረ። ሳውንድ የያዘው ገመዱን ጠረጠረ። አንድ አባት ደግሞ ከወንበራቸው ሳይነሱ "መብራቱ ነው፣ ዛሬ ኃይሉ ደክሟል" አሉ። የተበላሸ ነገር ግን አልነበረም፤ ጊታሩ የተሠራው እንደዚያ እንዲያደርግ ሆኖ ነው። እኔም ሰርግ እየዞርኩ እጫወታለሁ፣ በትርፍ ሰዓቴም የጓደኞቼን ጊታር ፈትቼ እበይዳለሁ፣ እና እንዲህ ያለውን ነገር መስማት ስለሰለቸኝ አንድ በአንድ ላውራው።

"የጊታሩን ቮሊዩም እስከ መጨረሻው 10 ላይ አድርገህ እርሳው፣ ድምፅ የሚስተካከለው አምፑ ላይ ነው"

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የጊታሩ ቮሊዩም ድምፅ ማሳነሻ ብቻ አይደለም፤ አምፑ ምን ያህል እንደሚቆሽሽም የሚወስነው እሱ ነው። ኦቨርድራይቭ የሚባለው ያ የድምፅ መሻከር የሚመጣው የሚገባው ሲግናል ለአምፑ ሲበዛበት ነው። ሲግናሉን ከጊታሩ ስትቀንሱት ያው አምፕ፣ ምንም ሳትነኩት፣ ይጠራል። እኔ አምፑን ጊታሩ 10 ላይ እያለ ሻከር እስኪል ድረስ አስተካክለዋለሁ፣ ከዚያ ለአጃቢነት 6 ወይም 7፣ ለሶሎ 10። ፔዳል መርገጥ የለም። ርካሽ አምፕ ላይ ያን ያህል ላያምር ይችላል፣ ግን ሞክሩት።

"ቮሊዩም ሲቀነስ ድምፁ የሚታፈነው ፖቱ ስለተበላሸ ነው"

ሰርጉ ላይ የሆነው ይሄው መታፈን ነው፣ ፖቱ ግን አልተበላሸም። ከቁልፉ ስር ያለው ፖት ልክ እንደ ጅማ በርጩማ ሦስት እግር አለው። በአንዱ ጫፍ የፒካፑ (ከክሩ ስር ሆኖ ንዝረቱን ወደ ሲግናል የሚለውጠው ዕቃ) ድምፅ ይገባል፣ ሌላው ጫፍ ግራውንድ (የሲግናሉ መመለሻ) ነው፣ መሃለኛው ገመዱ ወደሚሰካበት ጃክ ይወጣል። ቁልፉን ስትቀንሱ በፒካፑና በገመዱ መካከል ሬዚስታንስ ይገባል። ገመዱ ደግሞ ሳናስበው ራሱ ካፓሲተር ነው፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ ቀለል አድርጎ ያሳልፋል፤ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ አለው። 500 ኪሎ ኦም ፖት ሬዚስታንሱ እኩል ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከገመዱ በኩል ሲታይ 125 ኪሎ ኦም ይሆናል፣ እዚያ ላይ 6 ሜትር ገመድ ስታስከትሉ ከ2,100 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ቀጭኑ ድምፅ እየፈሰሰ ወደ ግራውንድ ይሄዳል። የክሩ ጥርት ያለ አመታት የሚሰማው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ገመድ ማሳጠር ብቻውን ይረዳል። ግቢውን ሙሉ የሚዞር ገመድ ሰክታችሁ ድምፄ ጠፋ አትበሉ።

ዋናው መድኃኒት ትሬብል ብሊድ (የትሬብል፣ ማለትም የቀጭኑ ድምፅ፣ ማሳለፊያ) የሚባለው ነው። 1 ናኖፋራድ ካፓሲተርና 150 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ ከመግቢያው እግር ወደ መሃለኛው እግር ትበይዳላችሁ። በቃ። ካፓሲተሩን ብቻውን ካስገባችሁት ግን ቮሊዩሙ በጣም ሲቀንስ ድምፁ ቀጥኖ ቢምቢ ይመስላል፤ እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ እንደዚያ አድርጌው አንድ ሳምንት ተስቆብኛል።

"የ50ዎቹ ዋየሪንግ (የሽቦ አሠራር) ውድ የድሮ ዕቃ ይፈልጋል"

አንድ ሽቦ ማዛወር ነው። ስሙ የመጣው በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የአሜሪካው ጊታር አምራች ጊብሰን ጊታሮቹን ይሠራበት ከነበረው አሠራር ነው። አሁን በብዛት የቶኑ (ቀጭኑን ድምፅ የሚቀንሰው ቁልፍ) ሽቦ የሚነሳው ከቮሊዩሙ መግቢያ እግር ነው፤ በድሮው ግን ከመሃለኛው። እንደዚያ ሲሆን ቮሊዩም ስትቀንሱ ጥራቱ በደንብ ይቆያል። በምትኩ ሁለቱ ቁልፎች ይነካካሉ፣ ቶኑን ስታዞሩ ቮሊዩሙም ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ለአንድ ጓደኛዬ ሠርቼለት፣ 10 ላይ አድርጎ ሞከረውና "ምንም አልተለወጠም፣ ብሬን መልስ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ 10 ላይ መግቢያውና መሃለኛው እግር አንድ ነጥብ ስለሆኑ ልዩነት ሊኖር አይችልም። ቀንሰውና ስማው አልኩት። ብሩን አልመለስኩም።

"ቶን ሲከፈት ትሬብል ይጨምራል"

ባትሪ የሌለው ጊታር ምንም አይጨምርም። ቶን መቀነሻ ብቻ ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ በካፓሲተር በኩል ወደ ግራውንድ ይሸኛል። 10 ላይ ሲሆን መሸኘቱን ሊያቆም ምንም አይቀረውም፣ እናንተ ጨመረ የምትሉት ያንን ነው።

"ውድ ካፓሲተር ድምፅ ያሳምራል"

ዋናው ነገር ቁጥሩ ነው። 0.047 ማይክሮፋራድ ከ0.022 የበለጠ ያጨልማል። በተረፈ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ሴራሚክም ሆነ በዘይት የተነከረ ወረቀት፣ ሰርግ ቤት ውስጥ ማንም አይለየውም። ቶኑ 10 ላይ ከሆነ ደግሞ ካፓሲተሩ ከነጭራሹ አይሰማም ማለት ይቻላል።

"ፖት ፖት ነው፣ ከድሮ ሬዲዮ አውጥተህ ግጠም"

ጅማ ላይ የጊታር ፖት እንደልብ አይገኝም። 350 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው እንለምናለን፣ እሱም ይረሳል። ስለዚህ የሬዲዮና የቴፕ ፖት የሚገጥመውን ሰው አልፈርድበትም። ግን ከዚያ የሚወጣው ብዙ ጊዜ 10 ወይም 50 ኪሎ ኦም ነው፣ ጊታሩን ገና 10 ላይ እያለ ያደነዝዘዋል። የተለመደው ለሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ) 250፣ ለሃምባከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒካፕ) 500 ኪሎ ኦም ነው። 500 "ጉልበት አለው" የሚሉም አሉ። ጉልበት ሳይሆን ብርሃን ነው የሚሰጠው፣ ድምፁ ይበልጥ ይጠራል። ፊደሉንም እዩ፤ በብዙዎቹ ላይ ኤ ማለት ለጆሮ የተመጠነ፣ ቢ ማለት ቀጥ ያለ ነው። ለቮሊዩም ቢ ከገጠማችሁ ከ10 እስከ 4 ብዙም ለውጥ የለም፣ ከዚያ በታች በአንዴ ዝቅ ይላል።

"ሚክሰር ላይ ሲሰካ ድምፁ የሞተው ጊታሩ ርካሽ ስለሆነ ነው"

አምፕ ስለማይገኝ ስንቶቻችን ነን ሰርግ ላይም ቤተ ክርስቲያንም ጊታራችንን ቀጥታ ሚክሰር ላይ የምንሰካው? የአምፕ መግቢያ 1 ሜጋ ኦም ገደማ ነው። የሚክሰር ተራ መግቢያ ግን ብዙ ጊዜ 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፣ የማይክ መግቢያውማ ከዚያም ያንሳል። ፒካፑ ያን ሸክም አይችለውም፣ ድምፁም ጥራቱም አብሮ ይወድቃል። የሚሊዮን ብር ጊታር ብትሰኩም ያው ነው። ሚክሰሩ ሃይ ዚ ወይም ኢንስትሩመንት የሚል መግቢያ ካለው እዚያ ስኩ። ከሌለው አክቲቭ ዲአይ ቦክስ (ጊታርን ለሚክሰር የሚያመች ሣጥን)፣ እሱም ከጠፋ በፈር (ሲግናሉ ሸክሙን እንዲችል የሚያደርግ ሰርኪት) ያለው ፔዳል መሃል ላይ አስገቡ። አብዛኞቹ የቦስ ፔዳሎች ጠፍተውም በፈራቸው ይሠራል።

"ቁልፉ ከተንኮሻኮሸ ተቃጥሏል"

ብዙ ጊዜ አቧራና እርጥበት ነው። እንደ ጅማ ክረምቱ ረጅም በሆነ አገር ደግሞ አይገርምም። ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ ማጽጃ ስፕሬይ ውስጡ ነፍታችሁ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ አዙሩት። ናፍጣ አትጨምሩ፣ ሲጨምሩ አይቻለሁ።

"ክሩን ስነካ ጩኸቱ የሚጠፋው ጊታሩ ስለተበላሸ ነው"

ተቃራኒው ነው። ሰውነታችን የመብራቱን የ50 ኸርዝ ጩኸት እንደ አንቴና ይለቅማል፤ ክሩን ስትነኩ በግራውንዱ በኩል ይረግባል። ይህ ማለት ክሮቹ ወደሚያርፉበት ብሪጅ የሚሄደው ሽቦ በትክክል ተበይዷል ማለት ነው። ስትነኩት የሚብስ ከሆነ ያኔ ክፈቱትና ሽቦውን እዩ።

ንዝረት ግን ሌላ ነገር ነው። ክሩን ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይኩን ሲነካ ከነዘራችሁ፣ ጊታሩን መፈታታት አያድናችሁም፤ ችግሩ ያለው አምፑ፣ ሚክሰሩ ወይም ሶኬቱ ጋ ነው፣ ብዙ ጊዜም የመሬት መስመር የሌለው ማራዘሚያ ሆኖ ይገኛል። በ220 ቮልት ቀልድ የለም። "ትንሽ ነው የሚነዝረው" እያለ ሙሉ ሌሊት የተጫወተ ልጅ አውቃለሁ፤ እናንተ ግን ሙሽሮቹ እየገቡም ቢሆን አቁሙና አምፑን ከሶኬቱ ንቀሉት።