ፒካን፦ የምግብ ጥቅሙና አያያዙ

ፒካን ጠንካራ ቅርፊት ያለው የዛፍ ፍሬ ሲሆን፣ የዋልነት የቅርብ ዘመድ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የቀመሰ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል፤ ፒካን ለስለስ ይላል፣ ወደ ጣፋጭነት ያደላል፣ ምላስ ላይ የሚቀር ምሬትም እምብዛም የለውም። የትውልድ ቦታው የአሜሪካ ደቡባዊ ክፍልና ሰሜን ሜክሲኮ ነው። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1919 የግዛቷ ዛፍ አድርጋዋለች።

ወደ ጥቅሙ ስንመጣ፣ 28 ግራም ማለትም ለሁለት ከተከፈለው ፍሬ ወደ 19 ግማሾች፣ 196 ካሎሪ ገደማ፣ 20 ግራም ቅባትና 3 ግራም የሚጠጋ ፋይበር ይሰጣል። ቅባት ሲባል አትደንግጡ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንደ ወይራ ዘይት ያለ፣ ለልብ የሚስማማ ዓይነት ነው። ማንጋኒዝ፣ መዳብ፣ ዚንክና ቫይታሚን ቢ1ም ሞልቶታል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2003 እንዲህ ያሉ ፍሬዎችን በቀን 42 ግራም መብላት የልብ ሕመም ስጋትን ሊቀንስ ይችላል ተብሎ ማሸጊያቸው ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ "ሊቀንስ ይችላል" የምትለዋ ቃል ግን አትዘለል። የዋልነት አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ፒካንን ጭራሽ ባይነካው ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አያያዙ ላይ ነው። ያ ጥሩ ቅባት ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። ትኩስ ፒካን ሲሰበር ቀጭ ይላል፣ ውስጡም ነጣ ያለ ክሬም መልክ አለው። የተበላሸው ይጠቁራል፣ የቆየ ዘይት ይሸታል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ያኔ መጣል ነው። ከነቅርፊቱ ያለው ከተፈለፈለው የበለጠ ይቆያል፣ ቅርፊቱ ራሱ መከላከያው ነውና። የተፈለፈለውን አየር በማያስገባ ዕቃ አድርጋችሁ ፍሪጅ ብታስገቡት ወደ 9 ወር፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ እስከ 2 ዓመት ይቆይላችኋል። ክዳኑ ግን በደንብ ይገጠም፤ ፒካን የጎረቤቱን ሽታ ይስባል፣ አጠገቡ የተከተፈ ሽንኩርት ካለ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ከፍሪዘር ስታወጡት ቶሎ አትክፈቱት። ዕቃው እንደተዘጋ ቅዝቃዜው ይውጣለት፣ አለበለዚያ የአየሩ እርጥበት ፍሬው ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፍና ቀጭ የሚለውን ነገር ያጠፋዋል።