ምስባኩን የሰማ ቀኑን ያውቃል

እሑድ ጠዋት። ቅዳሴው ከተጀመረ ቆይቷል። መልእክታቱ ተነበዋል፣ ግብረ ሐዋርያትም ተነቧል፣ ከኋላ የቆሙት ሰዎች እግር መቀያየር ጀምረዋል። ያኔ ዲያቆኑ ሦስት መስመር የሆነች ግእዝ በዜማ ይላታል። ካህናቱና ምእመናኑ ይቀበሉታል። ከዚያ ወንጌል ይነበባል። ያቺ ሦስት መስመር ምስባክ ትባላለች። እኔ ልጅ ሆኜ ዲያቆኑ ድምፁን የሚያሳይባት ሰዓት ትመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። የዕለቱ ቁልፍ እሷ ናት።

ምስባክ ከመዝሙረ ዳዊት የሚወጣ ጥቅስ ነው። ስሙ ራሱ ከ«ሰበከ» የመጣ ነው፣ ስብከት ማለት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የትኛው ምስባክ በየትኛው ቀን እንደሚባል፣ ምን ምን እንደሚነበብ፣ ከአሥራ አራቱ ቅዳሴያት የትኛው እንደሚቀደስ የሚደነግገው መጽሐፍ ግጻዌ ይባላል። ቄሱ ዛሬ ደስ ያለውን ምዕራፍ ገልጦ አያነብም። ግጻዌው ያዘዘውን ያነባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገባሬ ሠናዩ፣ ማለትም ዋናው ዲያቆን፣ ከጳውሎስ መልእክታት ያነባል። ንፍቁ፣ ማለትም ረዳቱ ዲያቆን፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ከያዕቆብ፣ ከጴጥሮስ ወይም ከዮሐንስ ያነባል። ንፍቁ ቄስ ግብረ ሐዋርያትን ይቀጥላል። ከዚያ ምስባክ ይባላል፣ በመጨረሻ ዋናው ቄስ ወንጌሉን ያነባል። አምስቱ ክፍሎች እንዲሁ የተደረደሩ አይደሉም፣ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ይህን ንግግር መስማት የጀመረ ሰው ቅዳሴ አይረዝምበትም። ደህና፣ ትንሽ ይረዝምበታል፤ ግን አይሰለቸውም።

አንድ ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። የመዝሙር ቁጥር ያደናግራል። ግጻዌው የሚከተለው የግእዙን አቆጣጠር ስለሆነ ብዙ ቦታ ላይ ከሌሎች መጽሐፍ ቅዱሶች በአንድ ያንሳል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በእኛ 22 ነው፣ በሌላው 23። ምስባክ ፈልጋችሁ ካጣችሁት ወደፊት አንድ ቁጠሩ።

ዓመቱ መስከረም 1 ይጀምራል። ለዓመቱ ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱ ስሙን ይሰጠዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፣ ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 2017ን ብትወስዱ ድምሩ 7517 ይመጣል፣ 1 ይተርፋል፣ ስለዚህ ዘመነ ማቴዎስ ነበር። ብዙ ሰው «በማቴዎስ ዘመን ማቴዎስ ነው የሚነበበው» ብሎ ያስባል። እንዲህ የሚያደርጉት ካቶሊኮች ናቸው። እነሱ እ.ኤ.አ. ከ1969 ወዲህ የእሑድ ንባባቸውን በሦስት ዓመት ዙር ከፍለው አንዱን ዓመት በዋናነት ለማቴዎስ፣ አንዱን ለማርቆስ፣ አንዱን ለሉቃስ ሰጥተዋል። በእኛ ግን ወንጌላዊው ለዓመቱ ስም ይሰጣል እንጂ ግጻዌውን አይቀይረውም። የዓመቱ ስም ለውጥ የሚያመጣው ሌላ ቦታ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በሉቃስ መጨረሻ ነው፣ በዚህ ምክንያት በቀጣዩ የዮሐንስ ዓመት ልደት ከታኅሣሥ 29 ወደ 28 ይመጣል።

ከመስቀል በኋላ ጽጌ፣ የአበባው ወቅት፣ ይገባል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ልክ 40 ቀን ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት ይታሰባል፣ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ የሚባለው ዝማሬ ይዘመራል። ወቅቱ ሜዳው አበባ የለበሰበት ነው። የሚነበበው ወንጌል ደግሞ ማቴዎስ 6 ነው፣ «የሜዳ አበቦችን ተመልከቱ» የሚለው። ከቤት ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው በመንገዱ ላይ ያየውን አደይ አበባ እዚያ ደርሶ በጆሮው ይሰማዋል። ይህን የደለደለ ሰው አገሩን ያውቅ ነበር።

ታኅሣሥ 7 አካባቢ ስብከት የሚባለው ወቅት ይጀምራል። ሦስት እሑዶች አሉ፦ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። ሀሳቡ ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት የነበሩ ነቢያት ናፍቆት ነው። እዚህ ምስባኮቹን ተከትላችሁ አድምጡ። በመጀመሪያው እሑድ «ፈኑ እዴከ እምአርያም» ይባላል፣ እጅህን ከአርያም ላክ ማለት ነው። በሁለተኛው «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ»፣ ብርሃንህንና ጽድቅህን ላክ። በሦስተኛው «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ»፣ የእስራኤል እረኛ ሆይ አድምጥ። ላክ፣ ላክ፣ ስማን! ሦስት ሳምንት ሙሉ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ነው። ወንጌሉም አብሮ ይሄዳል። በብርሃን እሑድ የዮሐንስ መጀመሪያ ይነበባል፣ በኖላዊ ደግሞ «መልካም እረኛ እኔ ነኝ» የሚለው ዮሐንስ 10። ከዚያ ልደት ይሆናል። ጥምቀት ጥር 11 ይመጣል፣ በማግስቱ ቃና ዘገሊላ። ስለነሱ ሁሉም ሰው ያውቃልና አልቆይበትም።

እስካሁን ያሉት ቀናቸው የቆረጠ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ይንቀሳቀሳል። ነነዌ፣ የሦስት ቀኗ ጾም፣ መቼ ገባች? ዓመቱን የሚያዘው ይህ ጥያቄ ነው። መልሱ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያኗ የዘመን ስሌት፣ ይወጣል። ነነዌ ከጥር 17 ቀድማ አትገባም፣ ከየካቲት 21 አትዘገይም፣ ሁልጊዜም ሰኞ ናት። እሷ ከታወቀች ዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይገባል፣ ፋሲካም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው መካከል ይውላል። ዕርገት፣ ጰራቅሊጦስ፣ የሐዋርያት ጾም፣ ሁሉም እሷን ተከትለው ይጎተታሉ።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ስምንት እሑዶች አሉት። ከበሮውና ጸናጽሉ ያርፋሉ። የሚዜመው የቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ፣ የጾሙ የዜማ መጽሐፍ ነው፣ እሑዶቹም ስማቸውን ያገኙት ከእሱ ነው። ግጻዌው ምን ያህል በጥንቃቄ እንደተሠራ ማየት የፈለገ ሰው እዚህ ይምጣ።

የመጀመሪያው ዘወረደ ነው፣ ከሰማይ የወረደው ማለት። ወንጌሉ ዮሐንስ 3 ላይ ከሰማይ ስለወረደው የሰው ልጅ የሚናገረው ክፍል ነው። ሁለተኛው ቅድስት ናት። ምስባኳ በቤተ መቅደሱ ስላለው ቅድስና ይናገራል፣ ወንጌሉ ደግሞ «ስትጦሙ እንደ ግብዞች አትጠውልጉ» የሚለው ማቴዎስ 6። ሦስተኛው ምኩራብ ላይ ነገሩ ይጠነክራል። ወንጌሉ ጌታ ነጋዴዎቹን ከመቅደስ ያስወጣበት ዮሐንስ 2 ነው። ምስባኩ «እስመ ቅንዓተ ቤትከ በልዐኒ» ይላል፣ የቤትህ ቅናት በላኝ። ደቀ መዛሙርቱ በዚያ ሰዓት ትዝ ያላቸው ጥቅስ ራሱ ይህ እንደሆነ ዮሐንስ ጽፎታል። ማለትም ዲያቆኑ ወንጌሉ ሳይነበብ ሐዋርያት ያሰቡትን አስቀድሞ ያሰማችኋል።

አራተኛው መፃጉዕ ደግሞ የ38 ዓመቱ በሽተኛ ነው። ምስባኩ «እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ» ነው፣ በታመመበት አልጋ ላይ እግዚአብሔር ይረዳዋል። ዐራት አልጋ ነው። ትንሽ ቆይቶ ወንጌሉ «አልጋህን ተሸከምና ሂድ» ይላል። ያዕቆብ የታመመ ካለ ሽማግሌዎችን ይጥራ ብሎ ተነቧል፣ ከግብረ ሐዋርያትም በመቅደሱ በር የተቀመጠው አንካሳ ተነሥቷል። አራት መጻሕፍት፣ አንድ በሽተኛ።

አምስተኛው ደብረ ዘይት የጾሙ እኩሌታ ነው። ወሬው ስለ ዳግም ምጽአት ነው። «እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ» ይላል ምስባኩ፣ በግልጽ ይመጣል። ወንጌሉ ማቴዎስ 24። ከጳውሎስም ከጴጥሮስም የሚነበበው ያንኑ ነው። በዚህ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው ዝምታ ከሌላው እሑድ ይለያል። ቀጣዩ ገብር ኄር የመክሊቱ ምሳሌ ነው፣ ይመጣል የተባለው ጌታ ሲመጣ የሚጠይቀው ሒሳብ።

የኔ ምርጥ ሰባተኛው ነው፣ ኒቆዲሞስ። ሰውየው ፈሪሳዊ ነው፣ መምህር ነው፣ ሰው እንዳያየው በሌሊት መጣ። ምስባኩን ተመልከቱ፦ «ሐወጽከኒ ሌሊተ ወፈተንኮ ለልብየ»፣ በሌሊት ጎበኘኸኝ፣ ልቤንም ፈተንኸው። ዳዊት የኒቆዲሞስን ታሪክ አያውቅም። ግን «ሌሊት» የምትለውን ቃል መርጦ እዚህ ቀን ላይ ያስቀመጣት ሰው ያውቃል። በዚያ ላይ ከግብረ ሐዋርያት የሚነበበው የገማልያል ንግግር ነው፣ ሌላ ፈሪሳዊ፣ ሌላ መምህር፣ ሐዋርያትን «ተዉአቸው» ብሎ ያስጣለ። ሁለት ፈሪሳውያን ጎን ለጎን። ይህን ያህል የተሰናዳ ነገር ተነቦ ካበቃ በኋላ ሰባኪው ተነሥቶ ስለ ሌላ ነገር አንድ ሰዓት ሲናገር አለመናደድ ይከብዳል። ተናድጄም አውቃለሁ።

ስምንተኛው ሆሳዕና ነው፣ ዘንባባ ይታደላል፣ ወንጌል በአራቱም አቅጣጫ ይነበባል። ከዚያ ሰሙነ ሕማማት ይገባል፣ ግጻዌው ለግብረ ሕማማት ቦታ ይለቃል። ይህ መጽሐፍ በየሰዓቱ የሚነበበውን ይዟል፦ በነግህ፣ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ፣ በአሥራ አንድ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ቅዳሴ የለም። ስግደት ነው፣ መስቀል መሳለምም የለም። ሐሙስ እግር ይታጠባል። ቅዳሜ ቀጤማ ይታደላል፣ ሰው ግንባሩ ላይ ያስረዋል።

ሌሊቱን «ወተንሥአ እግዚአብሔር ከመ ዘንቃህ እምንዋም» ሲባል ግን ሁሉም ይቀየራል። ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው እግዚአብሔር ተነሣ። 55 ቀን ዝም ያለው ከበሮ ይመታል። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሳምንት እያንዳንዱ ቀን ስም አለው፣ ቶማስ፣ አልዓዛር፣ አዳም እያለ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት ላይ ይደርሳል። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም።

አሁን ወደ ክረምት ልለፍ። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ወቅት ዘመነ ክረምት ይባላል፣ ግጻዌው ሰማይና መሬትን የሚያነበውም እዚህ ነው። ምስባኩ «ዘይገለብቦ ለሰማይ በደመና ወያስተዴሉ ክረምተ ለምድር» ነው፣ ሰማይን በደመና የሚሸፍን፣ ለምድር ክረምትን የሚያዘጋጅ። ገበሬው ቀና ብሎ ያየውን ዲያቆኑ ያዜመዋል። ከጳውሎስ የሚነበበው «የምትዘራው ካልሞተ ሕያው አይሆንም» የሚልበት 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ነው። ከያዕቆብ ኤልያስ ጸልዮ ዝናብ ያስቆመበትና ያዘነበበት። ከግብረ ሐዋርያት ጳውሎስ የተሳፈረበት መርከብ የሚከርምበት ወደብ ሲፈልግ። ወንጌሉ የዘሪው ምሳሌ፣ ሉቃስ 8። ዘር፣ ዝናብ፣ መክረሚያ፣ እርሻ። እዚያ የቆመ ገበሬ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የክረምቱ ክፍሎች ስምም እንዲሁ ነው። መጀመሪያው ዘርዕና ደመና ነው፣ ቀጥሎ መብረቅና ነጎድጓድ ይመጣል። ነሐሴ 10 ላይ ዕጕለ ቋዓት ይገባል፣ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ከየት መጣ ትሉኛላችሁ፣ ከዚያው መዝሙር ነው፣ ወደ እሱ ለሚጮኹ ለቁራ ጫጩቶች ምግብ ይሰጣል ከሚለው። አብሮት ያለው «ዐይነ ኵሉ» ደግሞ የሁሉ ዐይን አንተን ተስፋ ያደርጋል ከሚለው መዝሙር የተወሰደ ነው። ነሐሴ ጎተራ የሚጎድልበት ወር ነው። ያለፈው እህል አልቋል፣ አዲሱ አልደረሰም። ያን ጊዜ ስለሚራብ ጫጩት ማንበብ ቀልድ አይደለም።

በመካከሉ የፍልሰታ ጾም አለ፣ ነሐሴ 13 ደግሞ ደብረ ታቦር። የዚያን ቀን ምስባክ «ታቦር ወአርሞንኤም በስመ ዚአከ ይትፌሥሑ» ይላል፣ ቡሄ ያሉ ልጆችም በዚያው ሰሞን በየደጁ ናቸው። ነሐሴ 28 ላይ ጎሐ ጽባሕ ይገባል፣ የንጋት ጎሕ።

ከዚያ መስከረም 1 ይሆናል። ምስባኩ «ወትባርክ አክሊለ ዓመተ ምሕረትከ» ነው፣ የምሕረትህን ዓመት አክሊል ትባርካለህ። ቀጥሎ ያሉት ሁለት መስመሮች ስለጠገበ ሜዳና ስለረካ ተራራ ያወራሉ። ሰኔ ላይ ደመና የጠራው ዲያቆን አሁን ውኃ የጠገበውን መሬት ያዜማል፣ ውጪ ደግሞ ሣሩ አሁንም እርጥብ ነው።