በኢትዮጵያ ሐይቆችና ወንዞች ላይ በሚደረግ የታንኳ ጉዞ ከተናካሽ ነፍሳት መጠበቅ

በጣና ላይ በደንገል ታንኳ፣ በጫሞ ላይ በጀልባ፣ በኦሞ ላይ በጎማ ጀልባ የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ጉማሬንና አዞን ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ሆኖም በእነዚህ ውኃዎች ዳርቻ ከሁለቱ አውሬዎች ይልቅ እጅግ ብዙ ሰው የሚጎዱት በዓይን የማይሞሉ ነፍሳት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 1,157ቱ ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ ደግሞ 150,000 ያህል ሕይወት እንደቀጠፈ ይገመታል።

ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛውን ቅባት ልግዛ ብሎ ነው። በእኔ እምነት ግን ቅባት ሦስተኛው ጉዳይ ነው። ከእርሱ የሚቀድሙት ሰዓትና ቦታ ናቸው። የወባ ትንኝ፣ የቆላ ዝንብ፣ ጥቁር ዝንብና የአሸዋ ዝንብ እያንዳንዳቸው የሚነክሱበት የራሳቸው ሰዓትና የሚወዱት የራሳቸው ዳርቻ አላቸው። ቀዛፊ ደግሞ ከእግረኛ የሚሻልበት አንድ ነገር አለው፤ የት እንደሚወርድና መቼ እንደሚወርድ ራሱ ይመርጣል።

በወባ ትንኝ እንጀምር። በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አራቢየንሲስ የተባለችው ዝርያ ናት። እጮቿን የምታሳድገው ሰዎች እንደሚገምቱት በሐይቁ መሐል አይደለም፤ ማዕበልና ዓሣ ባለበት ጥልቅ ውኃ እጭ አይበረክትም። የምትመርጠው ፀሐይ የሚያርፍበትን ጥልቀት የሌለው ኩሬ ነው፦ የከብት ኮቴ የረገጠው ጭቃ የቋጠረውን ውኃ፣ ሐይቁ ሲሸሽ ጥሎት የሚሄደውን ረግረግ፣ የመስኖ ቦይን፣ ለግንባታ አፈር የተዛቀበትን ጉድጓድ። ስለዚህ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ እንደ ፎገራና ደምቢያ ያሉ ለጥ ያሉ የጣና ዳር ሜዳዎች ከሐይቁ ይልቅ አደገኛ ናቸው። ከበልግ ዝናብ በኋላ ደግሞ አነስ ያለ ሁለተኛ ወቅት አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ደጋ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ወባ ግን በአብዛኛው እስከ 2,000 ሜትር ድረስ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፋል። የስምጥ ሸለቆ ዋና ዋና ሐይቆች ከጣና ዝቅ ይላሉ፤ የጋምቤላው ባሮማ ጭራሽ ቆላ ነው።

ትንኟ የምትነክሰው ከጀንበር መጥለቅ እስከ ንጋት ነው። ጉዳዩን የሚያከብደው ግን በኢትዮጵያ ውስጥ በተለያዩ ቦታዎች በተደረጉ ጥናቶች ንክሻዋ ገና በምሽቱ፣ ሰው ከመተኛቱ በፊት፣ ሲበረታ መታየቱ ነው። አጎበር የሚጠብቀው የተኛን ሰው ብቻ ነው። መንገደኛው ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ውጭ ተቀምጦ እራት ያበስላል፣ ያወጋል፣ የረጠበ ልብሱን ያሰጣል። በዚያ ላይ አራቢየንሲስ ወደ መሬት ዝቅ ብላ ስለምትበር የተቀመጠ ሰው የሚነከሰው በአመዛኙ እግሩና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። ቀዛፊ ዳርቻ እንደወጣ መጀመሪያ የሚያደርገው የረጠበ ጫማውን አውልቆ ነጠላ ጫማ ማጥለቅ መሆኑን ያስተዋለ ሰው ችግሩ የት ላይ እንዳለ ይገባዋል። ደረቅ ወፍራም ካልሲና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰፊ ሱሪ ውኃ በማያስገባው ከረጢት ውስጥ ከሁሉም በላይ፣ በቀላሉ በሚወጣበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

ከዚህ የሚወጣው የቀን አሠራር ቀላል ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ከውኃ መውጣት፣ ድንኳን መትከል፣ እራትን በብርሃን መጨረስ። ጉማሬም ለግጦሽ ከውኃ የሚወጣው ሲመሽ ስለሆነ ይህ ሰዓት በሁለት በኩል ያተርፋል። የማደሪያ ቦታ ሲመረጥ ነፋስ የሚያገኘው አሸዋማ ወይም ድንጋያማ ጫፍ ከደንገልና ከረግረግ ጥግ እጅግ ይሻላል፤ ነፋስ ትንኝን ያዳክማታል። ከከብት ማጠጫ፣ ከሩዝ ማሳና ከጉማሬ መውጫ መንገድ ራቅ ማለት ያስፈልጋል። ማታ ከሐይቅ ላይ እንደ ጭስ ተነሥተው መብራት የሚከቡት ጥቃቅን ዝንቦች ብዙዎቹ የማይነክሱ ናቸው፤ እነርሱን አይቶ መደናገጥም፣ እነርሱ የሉም ብሎ መዘናጋትም አያስፈልግም።

ቅባትን በተመለከተ፣ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ ላይ ያዋለው ዲት እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የተፈተነው ነው። ከ20 እስከ 30 በመቶ የያዘው ለጥቂት ሰዓታት ይበቃል፤ ከ50 በመቶ በላይ መጨመር ያን ያህል ትርፍ የለውም። ለቀዛፊ ግን ዲት አንድ ጉድለት አለበት፤ ፕላስቲክን፣ ቀለምንና አንዳንድ ሰው ሠራሽ ጨርቆችን ያበላሻል። በተቀባ መዳፍ የሕይወት አድን ጃኬት ማያያዣን፣ የፀሐይ መነጽርን ወይም መቅዘፊያን መንካት አይገባም፤ በእጅ ጀርባ መቀባት ይሻላል። ፒካሪዲን የተባለው 20 በመቶ ሲሆን በብቃት ከዲት አያንስም፣ ፕላስቲክም አይጎዳም፤ በጀልባ ለሚሄድ ሰው እኔ የምመርጠው እርሱን ነው። የሎሚ ባሕር ዛፍ ዘይት የተባለው ምርት ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት አይሆንም። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይቀድማል፣ የነፍሳት ቅባት ይከተላል። ውኃና ላብ ስለሚያጥቡት ጠዋት የተቀቡት ለማታ አይቆይም፤ ምሽት ላይ ገላን አድርቆ እንደገና መቀባት ግድ ነው።

ፐርሜትሪን የተባለው ፀረ ነፍሳት የሚረጨው ልብስ ላይ እንጂ ቆዳ ላይ አይደለም። ቤት ውስጥ ተረጭቶ የደረቀ ልብስ ብዙ እጥበት ይችላል። ነገር ግን ፐርሜትሪን ለዓሣ መርዝ ነው። ሐይቅ ዳር ሆኖ መርጨት፣ ዕቃውን በሐይቅ ውኃ ማጠብ፣ የተረፈውን ማፍሰስ ከሐይቁ የሚኖረውን ዓሣ አጥማጅ መበደል ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግም።

የቆላ ዝንብ ነገር ሌላ ነው። ጣና ላይ አትገኝም፤ ኦሞን፣ ባሮን፣ ዴዴሳንና የጫሞ አካባቢን ለሚጓዝ ግን ዋና አሳሳቢ ናት። የምትነክሰው በጠራራ ቀን ነው፤ ስስ ልብስ ላይ ሆና ትወጋለች፤ የቆዳ ቅባትን እምብዛም አትፈራም። የሚስቧት ትልልቅ የሚንቀሳቀሱ ነገሮች፣ እንዲሁም ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ናቸው። የመቆጣጠሪያ ወጥመዶቿም በእነዚሁ ቀለሞች የሚሠሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ሸራ፣ ጥቁር ቲሸርትና ሰማያዊ ጃኬት ይዞ ኦሞ መውረድ በገዛ እጅ ዝንቧን መጥራት ነው። ወፈር ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ አፈርማ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ልብስ ይሻላል። ለምሳ ጥቅጥቅ ባለ የወንዝ ዳር ጫካ ጥላ ሥር ከመቀመጥ ይልቅ ገላጣ የአሸዋ ደሴት መፈለግ ንክሻውን ይቀንሳል። የምታስተላልፈው ገንዲ በአብዛኛው የከብት በሽታ ሲሆን ገበሬውን የእርሻ በሬ አሳጥቶታል። በሰው ላይ የሚመጣው የእንቅልፍ በሽታ ለ30 ዓመታት ያህል ሳይታወቅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 በጋሞ ዞን ተገኝቷል። ስለዚህ ከተነከሱ በኋላ እብጠትና ትኩሳት ቢመጣ ዝም አይባልም።

ጥቁር ዝንብ የምትራባው በተቃራኒው በፏፏቴና በፈጣን ወራጅ ውኃ ነው፤ የምትነክሰውም በቀን ነው። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ወንዞች ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳውን ኦንኮሰርካይሲስ የተባለ በሽታ ታስተላልፋለች፤ ለበሽታው ግን ብዙ ተደጋጋሚ ንክሻ ስለሚያስፈልግ ተጎጂው የወንዙ ዳር ነዋሪ እንጂ ለሳምንት የመጣ እንግዳ አይደለም። በሁመራና በመተማ በኩል ተከዜንና አንገረብን ለሚጓዝ ደግሞ የአሸዋ ዝንብ አለች። ጉበትንና ጣፊያን የሚያጠቃውን ካላ አዛር የተባለ በሽታ የምታመጣ፣ ማታ የምትነክስ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ስለሆነች በተራው አጎበር ቀዳዳ ታልፋለች፤ መድኃኒት የተነከረ ወይም በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ያለው አጎበር ያስፈልጋል። በተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬትና በግራር ሥር መተኛት አይመከርም።

በየቤቱ የሚታወቀው ጭስም ቦታ አለው። ቀበርቾና ጥንጁት ሲጤሱ ትንኝን እንደሚያርቁ በላቦራቶሪ ሙከራ ጭምር ታይቷል፤ ውጭ ተቀምጠው በሚጨዋወቱበት ሰዓት ከነፋሱ በኩል ማጤስ ይረዳል። በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ግን ጭሱ ሳንባን ይጎዳል፣ እሳትም ያስነሣል።

ወባን የሚከላከል ክኒን ከጉዞ በፊት ከሐኪም ጋር ተመክሮበት መወሰድ አለበት። ይህ በተለይ ከአሜሪካ፣ ከእስራኤልም ሆነ ከአውሮፓ ዘመድ ሊጠይቁ ለሚመጡና በዚያው ጣናን ለሚጎበኙ ይበረታል። በልጅነታቸው ወባ ይዟቸው ያውቅ የነበሩ ሰዎች እንኳ ከረጅም ጊዜ በኋላ የነበራቸው መቋቋም ይዳከማል፤ እዚያ የተወለዱ ልጆቻቸው ደግሞ ከነጭራሹ የላቸውም። ትኩሳት ከንክሻው ቢያንስ ሳምንት ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል ሰውየው በዚያን ጊዜ ሚነሶታ ወይም አሽዶድ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ በራሱ ወባን ላያስብ ስለሚችል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሐይቅ ዳር አድሬ ነበር ብሎ ነግሮ የዚያኑ ዕለት የደም ምርመራ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽ፣ በዓመቱ ውስጥ የሚመጣ ማናቸውም ትኩሳት ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃል።