ፌስታሉን ፍቱት! በብርድ ስለ መሮጥ የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮች

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ ሂዱ። ጃኬት በጃኬት ደርቦ፣ ሆዱን በፌስታል ጠቅልሎ ደረጃውን የሚወጣና የሚወርድ ሰው አታጡም። ገና ሳታዩት ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ትሰማላችሁ። ለምን ሲባል፣ «በዚህ ብርድ ካላላበኝ ስቡ በምን ይቀልጣል?» ይላል። ሰው ስፖርት ማሠራት ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ስመልስ አፌ ደረቀ።

ስብ መጥበሻ ላይ ያለ ቅቤ አይደለም፤ ስለሞቀው አይቀልጥም። የሚቃጠለው ሰውነት ጉልበት ሲያወጣ ነው፣ አላባችሁም አላላባችሁም። ላብ ውሃና ጨው ነው፤ ሥራውም ገላን ማቀዝቀዝ ነው። ከሩጫ በኋላ ሚዛን ላይ የጠፋው ኪሎ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ ስትጠጡ ይመለሳል።

ብርድ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ላቡ መውጫ ሲያጣ ልብስ ይበሰብሳል። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ አብልጦ ያስተላልፋል። እየሮጣችሁ አይታወቃችሁም፤ ጉዱ ስትቆሙ ነው። አምና አንድ ደንበኛዬ ሩጫውን ጨርሶ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ስልክ ያወራል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጥርሱ ተንገጫገጨ፣ ጣቶቹ ስልኩን መያዝ አቃታቸው። ፌስታሉን ስፈታለት ላቡ ሱሪው ላይ ተንዠቀዠቀ። ደረቅ ሹራቤን አለበስኩት። ሹራቡን እስከዛሬ አልመለሰም።

ስስ ስስ ልብስ ደርቡ። ገላ የሚነካው ጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ላብ ይዞ ይቀራል። ስትጀምሩ ትንሽ ይብረዳችሁ፣ ችግር የለውም። ሲሞቃችሁ አንዱን አውልቃችሁ ወገባችሁ ላይ እሰሩ። እንደጨረሳችሁ ደረቅ ቲሸርት ቀይሩ፤ ማኪያቶው የትም አይሄድም።

«ቀዝቃዛ አየር ሳንባ ይመታል» የሚሉም አሉ። አየሩ ሳንባ እስኪደርስ አፍንጫና ጉሮሮ ያሞቁታል። አስም ያለበት ግን ይጠንቀቅ፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የአየር ቧንቧውን ሊያጠብበት ይችላል። አፍና አፍንጫውን በስካርፍ ይሸፍን፣ በአፉ የሚስበውን መድኃኒት ኪሱ ይያዝ።

«የጠዋት አየር ንጹሕ ነው»? ነፋስ በሌለበት ቀዝቃዛ ጠዋት የመኪናው ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ አስፋልቱ ዳር እንደተኛ ይቆያል። ታክሲው ሳይበዛ ጨርሱ።

«በብርድ ውሃ አያስፈልግም» ውሸት ነው። ጥሙ ነው የሚጠፋው፤ ላቡም ትንፋሹም ውሃ ይዞ ይወጣል።

«አንድ መለኪያ አረቄ ያሞቃል» ለሚሉት ደግሞ፦ የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት የሞቃችሁ ይመስላችኋል እንጂ ሙቀታችሁ እየወጣ ነው። እሱን ቤት ስትገቡ።