ፒሲኦኤስ እና መካንነት፦ ስለ መድኃኒቶቹ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት አትወልድም።» ብዙ ሴቶችን ያለ አግባብ ተስፋ ያስቆረጠው ይህ አባባል ከእውነት የራቀ ነው። ፒሲኦኤስ እንቁላል ከኦቫሪ (ከሴቷ የእንቁላል ማምረቻ አካል) በጊዜው እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት ነው። በአልትራሳውንድ እንደ ዶቃ ተደርድረው የሚታዩት ትንንሽ ከረጢቶች ዕጢ ሳይሆኑ እድገታቸው መንገድ ላይ የቆመ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። እንቁላል አለ፤ የሚጎድለው በጊዜው በስሎ መውጣቱ ነው፣ ይህንንም በመድኃኒት ማገዝ ይቻላል።

«ሌትሮዞል የካንሰር መድኃኒት ስለሆነ ያስፈራል።» ከእሽጉ ጋር ያለውን ወረቀት ያነበበች ሴት ብትደነግጥ አይፈረድባትም፤ መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሠራው ለጡት ካንሰር ነውና። ይሁን እንጂ እንቁላል እንዲወጣ ለማገዝ ሲሆን የሚወሰደው የወር አበባ ከመጣባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ለ5 ቀን ብቻ ነው። ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ለጊዜው ሲቀንሰው አንጎል እንቁላል የሚያሳድገውን ሆርሞን አብዝቶ ይልካል። በ2014 በአሜሪካ በ750 ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ እንቁላል እንዲወጣ ለማገዝ ለረጅም ዘመን የመጀመሪያ ምርጫ የነበረውን ክሎሚፊን የተባለ መድኃኒት ከወሰዱት ደግሞ 19.1 በመቶ በሕይወት ያለ ልጅ ወልደዋል። ዛሬ ዓለም አቀፉ መመሪያ ሌትሮዞልን የሚያስቀድመው በዚህ ዓይነት ማስረጃ ነው። እርግዝና ላይ ግን መወሰድ ስለሌለበት አስቀድሞ የእርግዝና ምርመራ ያስፈልጋል።

«ሜትፎርሚን ብቻውን ይበቃል።» ይህ የስኳር በሽታ መድኃኒት ለስኳር ቁጥጥር ጠቃሚ ቢሆንም ለመውለድ ብቻውን ደካማ ነው፤ በ2007 በወጣ ጥናት ሜትፎርሚን ብቻ ከወሰዱት የወለዱት 7.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ክሎሚፊን ከወሰዱት 22.5 በመቶ ነበሩ።

«የመድኃኒቱ መጠን ሲጨመር ወይም ወደ ሆርሞን መርፌ ሲታለፍ ቶሎ ይረገዛል።» እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መጠኑን የሚጨምረው፣ እንቁላል አለመውጣቱን አይቶ፣ ሐኪሙ እንጂ ታካሚዋ አይደለችም። የሆርሞን መርፌ ብዙ እንቁላል በአንድ ጊዜ ሊያሳድግ ስለሚችል፣ መንታ ወይም ከዚያ በላይ የመጸነስ ዕድል ከመጨመሩም በላይ፣ ኦቫሪ ከልክ በላይ አብጦ ሆድ በውኃ ሊሞላ፣ ትንፋሽም ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ በየጥቂት ቀኑ በአልትራሳውንድ የከረጢቶቹ ቁጥርና ስፋት ይለካል፤ ከሚገባው በላይ ካደጉ የዚያ ወር ሕክምና ይቋረጣል።

«ችግሩ የእሷ ስለሆነ ባል አይመረመርም።» የወንድ ዘር ምርመራ ቀላል ነው፣ ከመድኃኒቱም መቅደም አለበት፤ የእሱ ዘር አነስተኛ ሆኖ ሳለ ለወራት እንክብል የዋጠች ሴት ጊዜዋንና ጉልበቷን በከንቱ ታባክናለች።