«በልተውት ነው» ለምትሉ ሁሉ

ጣና ሐይቅ ዳር ቡና ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም። እጁን ወደ አንድ ያላለቀ ፎቅ ይጠቁምና «የዚያ ሰውዬ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን እንዴት ሆነ? በልተውት ነው አይደል?» ይለኛል። ሃያ ዓመት የሰው ሂሳብ ስመረምር ኖሬያለሁ። ለዚህ ጥያቄ የሰጠሁትን መልስ ብሸጠው ኖሮ እኔም ፋውንዴሽን አቋቁም ነበር። ዛሬ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ከትንንሾቹ ልጀምር።

«ፋውንዴሽን ማለት ከውጭ ብር የሚመጣለት ድርጅት ነው።» አይደለም። የግል ፋውንዴሽን ዋናው ነገሩ መሥራቹ ከራሱ ሀብት ቆርሶ መለየቱ ነው።

«ሲፈርስ ንብረቱ ለልጆቹ ይመለሳል።» አይመለስም። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ለበጎ ሥራ የተለየ ሀብት ተመልሶ የሰጪው አይሆንም።

«የአስተዳደር ወጪ ሁሉ ሌብነት ነው።» ይሄን የሚለኝ ሰው ራሱ ያለ ደመወዝ አንድ ቀን አይሠራም። በፌደራል ደረጃ ለሚመዘገቡት አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን 20 በመቶ አድርጎታል። የፕሮጀክቱ አስተማሪ ወይም ነርስ ደመወዝ ደግሞ እዚያ ውስጥ አይቆጠርም።

«ከግብር ለማምለጥ ነው የሚሰጡት።» ይቺ ትንሽ ሂሳብ ትፈልጋለች። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ስጦታን በወጪነት የሚይዘው ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ ነው። የትርፍ ግብሩ 30 በመቶ የሆነ ድርጅት 100,000 ብር ቢሰጥ ግብሩ በ30,000 ይቀንሳል። ቀሪው 70,000 ከኪሱ ነው የወጣው። 30 ብር ለማትረፍ 100 ብር የሚያወጣ ነጋዴ ካያችሁ ንገሩኝ፤ እኔ አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «የወደቀው ስለተበላ ነው።»

ሌባ የለም አላልኩም። አይቻለሁ፤ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ሲሚንቶም አይቻለሁ። ግን ሲወድቁ ካየኋቸው ውስጥ የሚበዙት የወደቁት የሚበላ ነገር ስላልነበራቸው ነው። ካዝናው መጀመሪያም ባዶ ነበር።

አንዱን ልንገራችሁ። ስም አልጠራም። ሰውዬው ሆቴልና የጭነት መኪናዎች ነበሩት። ፋውንዴሽኑን ሲያስመርቅ ድንኳን ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ሽማግሌዎች መረቁ። በየዓመቱ መስከረም ላይ የተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ሠራ። መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መዝገቡ ላይ የገቢ ምንጭ አንድ ብቻ ነው፤ ሆቴሉ። መስከረም ሲደርስ ሰውዬው ቼክ ይፈርማል። በቃ፣ ፋውንዴሽኑ ይሄው ነው።

«ጋሼ፣ የራሱ የሆነ ነገር እንስጠው» አልኩት፤ ሁለት ጊዜ። «እኔ እያለሁለት?» አለኝ።

በ2012 ኮሮና መጣ። በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ የክልላችን የአማራ ግጭት። የጣና ጀልባዎች ታስረው ቀሩ፤ ወደ ዘጌ የሚሻገር ቱሪስት ጠፋ። ሆቴሉ አልጋውን አንጥፎ የሚጠብቅ ብቻ ሆነ። የባንክ ዕዳ ግን ጦርነት አለ ብሎ አይቆምም። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ተሸጡ። የመጨረሻውን ዓመት ሂሳብ ስዘጋ ፋውንዴሽኑ ባንክ ውስጥ ያለው አራት ሺህ ምናምን ብር ነበር። አንድም የጎደለ ደረሰኝ አላገኘሁም።

ሰዉ የሚጠቁመው ያ ፎቅ የሱ ነው። ብረቱ እንደወጣ ቆሟል። «ይኸው የበላበት!» ይላሉ። እኔን የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው። የበላ ሰው ፎቁን ይጨርሳል! ፎቁም ፋውንዴሽኑም የቆሙት በአንድ ምክንያት ነው፤ የሁለቱም ምንጭ አንዱ ሆቴል ነበር።

ይሄ የኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። የዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) መገበያያው የኤፍቲኤክስ ባለቤት ሳም ባንክማን ፍሪድ በእ.ኤ.አ. የካቲት 2022 ትልቅ የበጎ አድራጎት ፈንድ አስተዋወቀ። በኅዳር ኩባንያው ከሰረ፤ የፈንዱ ሠራተኞች በአንድነት ሥራ ለቀቁ፤ ቃል የተገባላቸው ሰዎችም ሜዳ ላይ ቀሩ። እዚያ በርግጥ ማጭበርበር ነበር፤ ሰውዬው 25 ዓመት ተፈርዶበታል። ግን ወንጀሉ የተሠራው ኩባንያው ውስጥ ነው። ፈንዱ የሞተው ከኩባንያው የተለየ የራሱ እስትንፋስ ስላልነበረው ነው።

በነገራችን ላይ፣ የተዘጋ ሁሉ ወድቋል ማለትም አይደለም። አሜሪካዊው ነጋዴ ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ፈንዱን በእ.ኤ.አ. 1917 መሠረተ፤ ቆይቶም፣ እሱ በሞተ በ25 ዓመት ውስጥ ገንዘቡ ሁሉ ወጥቶ እንዲያልቅ አዘዘ። በ1932 ሞተ፤ ፈንዱም በ1948 ተዘጋ። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁር ልጆች ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ከተሠሩ በኋላ። የየአካባቢው ሕዝብም ገንዘብና ጉልበት አዋጥቶበታል። ይሄ ሥራውን ጨርሶ መዝጋት ነው።

መፍትሔውን ደግሞ ሩቅ አገር አትፈልጉ። ሐይቁ ውስጥ ያሉትን ገዳማት እዩ። የጥንት ነገሥታት ደብር ሲተክሉ ወርቅና መጋረጃ ሰጥተው ብቻ አይሄዱም ነበር፤ ጉልት፣ ማለትም ግብሩ ለደብሩ የሚገባ መሬት፣ ያስከትላሉ። ንጉሡ ይሞታል፣ መሬቱ ግን በየዓመቱ ያበላል። ሥርዓቱ ለገበሬው ከባድ ነበር፤ በ1967ቱ የመሬት አዋጅም ቀርቷል። ብልሃቱ ግን ግልጽ ነው። ሰጪው ባይኖርም የሚሰጥ ነገር ተክለው ነው የሄዱት።

ስለዚህ ባለሀብት ሆይ፣ ለምርቃቱ ድንኳን የምታወጣውን ቀንስና በፋውንዴሽኑ ስም የሚከራይ ሱቅ ግዛ። ፈራሚው አንተና ባለቤትህ ብቻ አትሁኑ። ቦርዱ ውስጥ «አይሆንም» ሊልህ የሚችል ቢያንስ አንድ ሰው አስገባ፤ አማችህን አይደለም። የሆቴሉን ሂሳብና የፋውንዴሽኑን ሂሳብ አንድ የባንክ ደብተር ላይ አታድርግ። ተረጂዎችም ብትሆኑ ቡራኬውን ከጨረሳችሁ በኋላ ጠይቁ፤ ሰውዬው ሥራው ቢቀዘቅዝ ይሄ ከምን ይከፈላል?

ባለፈው ወር አንድ ነጋዴ ከዓባይ ማዶ ቢሮዬ መጣ። ፋውንዴሽን ሊያቋቁም ነው። ስለ አርማው ቀለም ግማሽ ሰዓት ነገረኝ። ጨርሶ ሲያበቃ «ለፋውንዴሽኑ የምትለይለት ሀብት ምንድነው?» አልኩት። «እሱን ቡና ላይ እናወራዋለን» አለኝ። እስካሁን አልደወለም።